ሮም ከእማዬ ጋር፦ ሦስት ቀን ጥድፊያ፣ ሦስት ቀን እፎይታ

እናቴ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ድረስ ልትጠይቀኝ የመጣችው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዕድሜዋ 72 ነው። ግፊት አለባት። ቀኝ ጉልበቷ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ቤት ተቀምጣ መስኮት ለመስኮት ከምትከርም ብዬ ለስድስት ቀን ሮም ልወስዳት ወሰንኩ። የ11 ዓመቷ ልጄም ትምህርት ቤት ተዘግቶላታል። የእማዬ ቪዛ ሸንገን ስለሆነ ለጣሊያን ሌላ ቪዛ አያስፈልጋትም። የአውሮፕላን ትኬቱም ረከሰልኝ። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነበር። ማንም አልበደለንም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የዕቅዴ ነው። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሮም፣ ፓሪስ ወይም ሌላ ትልቅ ከተማ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀኑ ነበር። ከነሐሴ 4 እስከ 9 ነው የያዝኩት። ትኬቱ ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅሁም። በፈረንጆቹ ኦገስት ሮም እሳት ናት። እኛ በነበርንባቸው ቀናት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የወረደበት ከሰዓት አላስታውስም። የከተማው ሰው ራሱ ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ይሄዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ነሐሴ 1 ፍልሰታ መግባቱ ነው። ረስቼው አይደለም። «መንገድ ላይ ስለሆንሽ ቀለል አድርጊው እላታለሁ» ብዬ ነው። እናቴን እንደማላውቃት!

ሁለተኛው ስህተት ዝርዝሩ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ኢንተርኔት ላይ ሳስስ ከርሜ 23 ቦታ ጻፍኩ። በቀን አራት፣ አንዳንዴ አምስት። በየቦታው የምንቆይበት ደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል። ልጄ ወረቀቱን አየችና «ፈተና አለብን እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። እማዬን ግን አንድ ጊዜም «ሮም ስትሄጂ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የተከራየነው ትራስቴቬሬ ሰፈር ያለ አፓርታማ ነው። ፎቶው ያምራል፣ ኩሽና አለው። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን አይቻለሁ፣ ሊፍት እንደሌለው ግን አላነበብኩም። ሮም ውስጥ አሮጌ ቤት ላይ ሊፍት ብርቅ ነው። «ሊፍት አለ ወይ?» ብላችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ይመልስላችሁ። እማዬ ያንን ደረጃ በቀን ሁለቴ ስትወጣ፣ በየፎቁ ቆማ «እመቤቴ» ስትል ጆሮዬ ውስጥ አለ እስከ ዛሬ።

ከአውሮፕላን ማረፊያውም የመጣነው በተሳሳተ ባቡር ነው። ከፊዩሚቺኖ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለውን ነው፤ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ፣ ሳይቆም ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል። እኛ ግን የምናድረው ትራስቴቬሬ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ተራ ባቡር በ8 ዩሮ እዚያው ትራስቴቬሬ ጣቢያ ያወርዳል። እኔ ሁለት ሻንጣና አንዲት የደከማት እናት ይዤ ተርሚኒ ሄድኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ ተመለስኩ። የምታድሩበትን ሰፈር ሳታውቁ የባቡር ትኬት አትቁረጡ።

አውቶቡሱን ስንጠብቅ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። እማዬ ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበችና ፊቷ በራ። «ፌርማታ ይላል!» አለች። እውነትም ፌርማታ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ስድስቱንም ቀን የአገሯን ቃል ፍለጋ ገባች። ቦርሳ፣ ፋብሪካ፣ ፒያሳ፣ ፎርኖ፣ ፖስታ። «ሰዎቹ እኮ አማርኛ ይችላሉ» ትለኛለች። የማኪያቶው ነገር ብቻ ነው ያልገጠመው። እኔ እንደ አዲስ አበባው በወተት የተሞላ ብርጭቆ ጠብቄ ሳዝ፣ የመጣልኝ ጠብታ ወተት የነካው አንድ ጉንጭ ቡና ነው። እማዬ አየችውና «መድኃኒት ነው?» አለች።

የአውቶቡስና የሜትሮ ትኬት 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው፣ ለ100 ደቂቃ ይሠራል። «ቲ» የሚል ምልክት ያለበት ትምባሆ ቤት ይሸጣል። አውቶቡስ ላይ ስትወጡ ማሽኑ ውስጥ ከትታችሁ ማስመታት አለባችሁ። ትኬት ይዞ ሳያስመታ የተገኘ ሰው እንዳልያዘ ይቆጠራል፣ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። እንዴት እንደማውቀው አትጠይቁኝ። በባንክ ካርድ መክፈልም ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ቦርሳችሁንም ከፊት ያዙ። እኔ በመጀመሪያው ማታ የሰው እጅ ቦርሳዬ ውስጥ አግኝቻለሁ፤ ልጄ ባትጮህ ሞባይሌ ሄዶ ነበር። እማዬ ገንዘቧን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራለች። የሮም ሌባ መቀነት አያውቅም።

እሑድ ኮሎሲየም ነበርን። ትኬቱን ከመንግሥታዊው ድረ ገጽ ሳይሆን መሀል ላይ ከሚሸጥ አንድ ድርጅት ነው የገዛሁት፣ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ። እዚያ ትኬት የሚቆረጠው በስም ነው፣ መታወቂያ ይታያል። የእማዬን ስም እኔ እንደምጽፈው ነው የጻፍኩት፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ሌላ ነው። የአባት ስም የሚገባበት ቦታ ደግሞ የአያቷን ስም አስገብቻለሁ። የእኛ ስም አጻጻፍ ለፈረንጅ ፎርም አይመችም፤ ስለዚህ ፓስፖርቱን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ ፊደል በፊደል እያያችሁ ሙሉ። ነገሩ እስኪስተካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆምን። ገብተን ስናይ እማዬ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይኼ ሁሉ ድንጋይ ሰው ሲበሉበት ነው?»

ሰኞ ነገር ተበላሸ።

ዕቅዱ ጠዋት ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ከሰዓት ሁለት አደባባይና አንድ ሙዚየም ነበር። አደባባዩ የደረስነው ከጠዋቱ 4:30 ላይ ነው። ወደ ባዚሊካው መግባት በነጻ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ በፍተሻ ነው የሚገባው። ሰልፉ አደባባዩን ዞሮታል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። እንደ ልማዷ እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውኃም አትቀምስም። «ውኃ እንኳ ጠጪ» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሜ?» አለችኝ። ተውኳት። ከአንድ ሰዓት ቆይታ በኋላ እጄን ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ሙቀት። «ልጄ፣ መሬቱ ይዞራል» አለችና ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘመም አለች።

ከኋላችን የነበረ ሰው ደግፎ ያዛት። የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች መጡ፣ ከዚያ አምቡላንስ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትደውሉበት ቁጥር 112 ነው፣ መላው የአውሮፓ ኅብረት ላይ ይሠራል።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» የሚል ነው። ወደ እማዬ ዞርኩ። «ጠዋት አንዷን ነጭ፣ ማታ ደግሞ የትልቋን ግማሽ» አለች። ክኒኖቹ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ናቸው። ማሸጊያውን «ሻንጣ ይሞላል» ብላ ፍራንክፈርት ጥላዋለች። ቁልፍ ያላት ጎረቤቴ ሄዳ ፎቶ አንስታ እስክትልክልኝ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ለካ አንዷ ነጭ ውኃ የምታስሸና ክኒን ናት። ክኒኗ ውኃ ታወጣለች፣ ሙቀቱ ያወጣል፣ የሚገባ የለም። ግፊቷ ወርዶ፣ ስኳሯም ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰክተው አስተኟት።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ የወላጆቻችሁን መድኃኒት ዋና ስም፣ የንግድ ስሙን ሳይሆን፣ ከነሚሊግራሙ በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓስፖርታቸው ጋር አድርጉ። አንድ ኮፒ ቦርሳችሁ፣ አንድ ስልካችሁ ውስጥ። ከመንገድ በፊት ደግሞ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ስለ ሙቀቱም ስለ ጾሙም አንድ ላይ ጠይቁ። እኛ ስለ ጾም ለሐኪም አንናገርም፣ ወላጆቻችን ያፍራሉ ወይም ሐኪሙ ይቆጣል ይላሉ። ሌላው የኢንሹራንስ ነገር ነው። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ሰው ግን ለቪዛው ብሎ ይገዛና ይረሳዋል። የእማዬ ወረቀት ፍራንክፈርት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ድርጅቱ የሚፈልገው በዚያው ዕለት እንዲደወልለት ነው፣ እኔ የደወልኩት በአራተኛው ቀን ነው። ገንዘቡ የተመለሰው ከሦስት ወር ደብዳቤ በኋላ ነው። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ከሆስፒታል ስትወጡ እያንዳንዱን ወረቀት ተቀበሉ።

ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል እማዬ ዓይኗን ገለጠች። ልጄ ወንበር ላይ ተኝታለች። እኔ የነገውን ትኬት በስልኬ እየሰረዝኩ ነው። እማዬ ጣሪያውን እያየች ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«አበበ የሮጠው የት ነው?»

«የቱ አበበ?»

«ምን ማለትሽ ነው የቱ አበበ? አበበ ቢቂላ ነዋ! ሦስት ቀን ሙሉ ዛሬ ትወስደኛለች፣ ነገ ትወስደኛለች ስል!»

23 ቦታ ጽፌያለሁ። እሱ የለበትም።

በማግስቱ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። እኔ ኩሽና ሆኜ ነው የምሰማው። «እሺ አባቴ… እሺ… ውኃውንም?… እሺ» ትላለች። ስትጨርስ ፊቷን አኮሳትራ መጣችና «ጠዋት ቁርስ ብዪ ብለውኛል» አለች። ሥጋና ወተቱ እንደተተወ ነው፣ ሰዓቱ ግን ቀረ። እናንተ እንዲህ ያለውን ስልክ ከመንገድ በፊት አስደውሉ። ልጅ ቢለምን የማይሰሙትን የንስሐ አባት ሲናገር ይሰማሉ።

የጾም ምግብ ሮም ላይ እንደፈራሁት አላስቸገረም። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ ቺዝ የለውም። ሌላውን ስታዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፣ ያለ ቺዝ ማለት ነው። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም፤ ትኩስ የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ አለበት፣ እሱን ጠይቁ። ለልጆች አይስክሬም ስትገዙ የፍራፍሬ ሶርቤቶ ያለ ወተት ይገኛል። እኛ ደግሞ ኩሽና ነበረን። እማዬ ሽሮ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ሮም ይዛ መጥታለች፣ ሳትነግረኝ። እንጀራ ካማራችሁ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ።

ማክሰኞን እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ተኝተን ዋልን። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሮም በኦገስት ሁለት ቀን አላት። አንዱ ከንጋት እስከ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሌላው ከ11 ሰዓት በኋላ። መሀሉ የእንቅልፍ ነው። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ግማሽ ቀን አንድ ቦታ ብቻ አልን።

አመሻሽ ላይ በታክሲ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ወረድን። ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ነጭ ሕንጻ አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት። ሲጀመር ጣሊያኖች ለአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ያሰቡት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚህ ነው። ጣሊያን በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነት እመልሳለሁ ብላ ፈረመች፣ እዚያው ግን ብዙ ዓመት ቆየ። በ2002 እ.ኤ.አ. መብረቅ መታው። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተመልሶ ቆመ። ዛሬ ቦታው ላይ ለሴፕቴምበር 11 ሟቾች መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። የቱሪስት ሰልፍ የለም። ቲኬት የለም። እኛ ብቻ ነበርን፣ መኪና ደግሞ ያልፋል።

እማዬ ባዶውን ቦታ አየችው። «እዚህ ነበር?» አለች። «እዚህ ነበር።» «ደግ አደረጉ መለሱት» አለችና ተቀመጠች።

የማራቶኑን ነገር የነገርኳት እዚያ ተቀምጠን ነው። ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ነበር። ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ አመሻሽ ላይ ተነሡ። ወደ ከተማው ሲመለሱ መሽቶ ስለነበር አሮጌው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበና የሞሮኮው ራዲ ጎን ለጎን ናቸው። አበበ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድሞ አይቶት፣ ሐውልቱ ጋ ስደርስ እፈተለካለሁ ብሎ ምልክት አድርጎት ነበር ይባላል። እንዳለውም አደረገ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ራዲ በ25 ሰከንድ ቀረ። የገባው ሜትሮው አጠገብ ካለችው ከዚህች ቦታ ቀጥ ብሎ በሚሄደው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በኩል፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው።

ያ መንገድ ለእማዬ ጉልበት የተሠራ ይመስላል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ አመሻሽ ላይ ዛፍ ያጠላበት። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። በመንገዱ ላይ ግድግዳው ላይ ለአበበ ድል 50ኛ ዓመት የተደረገች ሰሌዳ አለች፣ ፈልጓት፣ በቀላሉ ታልፋለች። በዚያው ዓመት፣ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የሮም ማራቶንን ያሸነፈው አትሌት ሲራጅ ገና፣ የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው። ይህን ስነግራት ልጄ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። እማዬ ቆጣ አለች። «አድርጊ ጫማሽን! የሱ እግር የለመደ ነው፣ ያንቺ የካልሲ እግር ነው።»

ስለ አበበ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ አባቷ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ሄዱ። «አላየሁትም» አለች። «ፊቴ አንድ ትልቅ ባርኔጣ ነበር። እጁን ብቻ አየሁ፣ ሲያወዛውዝ።» ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ረቡዕ ቅዱስ ጴጥሮስ ተመለስን። ባዚሊካው የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ በነሱ 7 ማለት ነው። እኛ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስን፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ገባን። ሰኞ አንድ ሰዓት ቆመን ያልደረስንበት በር ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ የለበሰች እናት ያላችሁ ስለዚህ አታስቡ። መሀል ያለው የቤርኒኒ የነሐስ ድንኳን ለእድሳት በብረት መወጣጫ ተሸፍኖ ነበር። የዚያን ዓመት ሮም ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ ስትታደስ ግማሿ ታጥራ ነበር፣ እኔ ደግሞ ይህንንም አላየሁም። ትልቅ በዓል የሚጠብቅ ከተማ ስትሄዱ ምን ምን እየታደሰ እንደሆነ እዩ። እማዬ ግን ድንኳኑን አልፈለገችውም። ከመግቢያው በስተቀኝ ያለችው የሚካኤልአንጄሎ ፒዬታ፣ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው እመቤታችን ዘንድ ቆመች። ፍልሰታ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ዕቅዴ ላይ ለፒዬታ የጻፍኩት አራት ደቂቃ ነው።

ከዚያው ባዚሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ደሊ አቢሲኒ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ነው። በ1548 እና 49 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ይኖሩ ነበር። ዝም ብሎ ተሰልፎ የሚገባበት አይደለም፣ በቅድሚያ የሚያዝ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ጉብኝት ያስፈልጋል። እኛ ሳናየው ቀረን። እናንተ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

በዚያው ማታ 118 ቁጥር አውቶቡስ ይዘን አፒያ ወጣን፣ ችቦው የበራበት መንገድ። ይህን ስመክር ጥንቃቄ አለኝ። ድንጋዩ ትልልቅና ወጣ ገባ ነው፣ ለጉልበት ደግ አይደለም። እማዬ ዝግባ ሥር ዝቅ ያለ ግንብ ላይ ተቀመጠች፣ እኛ ትንሽ ተራመድን። መመለሻ አውቶቡስ አርባ ደቂቃ ቆየ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ የመልሱን ታክሲ አስቀድማችሁ አስቡት።

ውኃ ግን እንዳትገዙ። ሮም ውስጥ በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ወደ 2,500 ይጠጋሉ፣ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውኃ ይፈስሳቸዋል። ናሶኒ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው፣ ቧንቧው ቆልመም ስላለ። አፉን በጣታችሁ ስትደፍኑት ከላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ሽቅብ ይዘላል፣ ሳትጎነበሱ ትጠጣላችሁ። ይህን ለእማዬ ያስተማራት የለም። ቀጥ ብላ ሄዳ ደፈነችው። «ቦኖ እኮ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በየቦኖው ሳንቆም አላለፍንም።

ሐሙስ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ኦገስት 15 ነው። ፌራጎስቶ ይሉታል፣ አገሩ በሙሉ ይዘጋል። ዳቦ እንኳ ለማግኘት ተቸገርን፤ ከዋዜማው ግዙ። ለካቶሊኮቹ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው። እማዬ የደወሉን ድምፅ ሰማች። «ምንድን ነው?» አለች። «ፍልሰታ ነው፣ ለነሱ ዛሬ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ፈጠኑ» አለች፣ «ለኛ ገና ሳምንት አለ።»

ከሰዓት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሄዳችን በፊት ተርሚኒ ጋ አንድ ነገር ብቻ አየን። የጣቢያው ፊት ለፊት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የጨረሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው እዚያው ቅርብ፣ ትንሽ አትክልት ውስጥ የቆመ የግብፅ ሐውልት ነው። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያቆሙት እዚህ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ ነው። ስንት ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፈዋል። እማዬ «የትኛው አንበሳ?» አለች። «የለገሃሩ» አልኳት። «እሱ?» አለች፣ «ስንቴ አጠገቡ ታክሲ ጠብቄያለሁ!»

ባቡሩ ውስጥ ልጄ ትከሻዋ ላይ ተኛች። እማዬ በመስኮት እያየች ቆይታ «ዓለማየሁ የቴዎድሮስ የተቀበረው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዊንድዘር፣ ከለንደን ወጣ ብሎ፣ በባቡር የሚደረስ ነው አልኳት። ለእንግሊዝ ሸንገን አይሠራም፣ ሌላ ቪዛ ይጠየቃል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ስልኬን አውጥቼ አዲስ ዝርዝር ከፈትኩና የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት።

«በሚቀጥለው ጊዜ ጥቅምት ላይ ይሁን» አልኳት። «ሙቀት የለም፣ ጾምም የለም።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ጽጌን ረሳሽው?»